የደንገል ሰፈር፦ የባሕር ዳር ሐይቅ ዳርቻና የታንኳ ሠሪዎቹ ታሪክ

ስለ ባሕር ዳር ከተማ አመሠራረት የሚተርክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች ከአንዱ ይነሣል፤ ወይ ከጊዮርጊስ ደብር፣ ወይ በ1928 ዓ.ም. ከገባው የኢጣልያ ጦር፣ ወይም በ1953 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። ሦስቱም መነሻዎች ትክክል ናቸው። ሆኖም አንድ የጋራ ጕድለት አለባቸው፤ ይኸውም ከተማዋን ከየብስ በኩል የሚያዩ መሆናቸው ነው። ከሐይቁ በኩል ለሚመጣ መንገደኛ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ደብሩም፣ ሹሙም፣ ፋብሪካውም አልነበረም። ይታይ የነበረው በውኃው ጠርዝ የቆመው ደንገልና ከደንገሉ ጀርባ የተኰለኰሉት ዝቅተኛ ጎጆዎች ነበሩ። በነዚያ ጎጆዎች የሚኖሩት ደግሞ የሐይቁ ጥንታዊ አዳኞችና ታንኳ ሠሪዎች፣ ዛሬ በወጉ ነገደ ወይጦ እየተባለ የሚጠራው ሕዝብ ነበሩ።

የዚህ ሰፈር ታሪክ በቅጡ ሳይጻፍ የቆየው ታሪክ ስለሌለው አይደለም። የቀድሞ ጸሓፊዎቻችን ታሪክ የሚሉት የነገሥታትን ዘመቻና የደብር አለቆችን ሹመት ስለ ነበረ፣ ርስት ያልነበረው፣ ቤተ ክርስቲያን ያልተከለ፣ ሹመት ያልተቀበለ ሕዝብ በብራናቸው ላይ ቦታ አልነበረውም። የሐይቁ ዳርቻ ሕይወት ተመዝግቦ የሚገኘው በአመዛኙ በውጭ አገር ተጓዦች ማስታወሻ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ያዩትን ያዩት በአስተናጋጆቻቸው ዐይን ነበርና ጽሑፋቸው በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ከሁሉ በሚብሰው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለው ይህ ውኃ ከ30 የሚበልጡ ደሴቶችን አቅፎ፣ በደቡብ ጫፉ፣ ዛሬ ባሕር ዳር ባለችበት ሥፍራ፣ ዐባይን ይለቃል። የውኃው ጥልቀት ማነስ ለሰፈሩ ታሪክ ቍልፍ ነው። ደንገል የሚበቅለው ውኃና የብስ በሚገናኙበት ረግረግ ስለሆነ፣ ዝግ ብሎ የሚጠልቅ ዳርቻ ያለው ሐይቅ ደንገልን በብዛት ያበቅላል። ደንገል ባለበት ዓሣው ይራባል፤ ወፉ ይሰፍራል፤ ጉማሬው ይጠለላል። የሰውም ኑሮ የተመሠረተው እዚያው ላይ ነው። ከደንገሉ ጎጆ ይከደናል፣ ምንጣፍ ይሠራል፣ ቅርጫት ይታታል፤ ከሁሉም በላይ ታንኳ ይታሠራል። እንግዲህ ለገበሬው መሬት ምን እንደ ነበረ፣ ለዚህ ሰፈር ደንገል እንደዚያ ነበር። ልዩነቱ መሬት ርስት ተብሎ በስም ሲያዝ፣ ደንገል ግን የማንም ተብሎ አለመጠራቱ ነው። የማንም ያልተባለ ነገር ሲወሰድ ተወሰደ አይባልም፤ የሰፈሩም ዕጣ በኋላ ከዚህ ጋር ተቈራኝቷል።

ታንኳ የሚሠራው በሚስማር ወይም በእንጨት ማገር አይደለም። ሠሪው ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆነውን ደንገል ከሥሩ ይቈርጣል፤ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ውኃው እስኪወጣለት ድረስ ያደርቀዋል። ከዚያም ግንዱን በግንዱ ላይ እየነባበረ በገመድ ጠፍሮ ወፍራም ጥቅል ያደርጋል፤ ጥቅሉን ከጥቅሉ እያጋጠመ ያስራል፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀልብሶ በማሰሪያ ወጥሮ ያቆመዋል። በውስጡም ሌላ የደንገል ወለል ይነጠፍበታል፤ ቀዛፊውና ጭነቱ ከውኃው በላይ የሚሆኑት በዚህ ወለል ነው። መቅዘፊያው አንድ ረጅም እንጨት ነው፤ ቀዛፊው መካከሉን ይዞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ያጠልቀዋል። ታንኳ ውኃ አይገባበትም ማለት አይቻልም፤ እርሱ ራሱ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ከጕዞ ሲመለስ ከውኃው ወጥቶ ዛፍ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ተደግፎ በቁመቱ ይደርቃል። ይህም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። የበሰበሰው ይጣልና ሌላ ይታሠራል።

የሥነ ጥበብ ሰዎች ከዚህ ላይ ሊያጤኑት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በድንጋይ የተሠራ ሥራ ሠሪውን ባያስታውሰን እንኳ ራሱ ይቆያል። የታንኳ ሠሪው ሥራ ግን በዓመት ውስጥ ይበሰብሳል። የሚቆየው የእጁ ዕውቀት ብቻ ነው፤ ዕውቀቱም ከአባት ወደ ልጅ ካልተላለፈ በአንድ ትውልድ ያልቃል። ሆኖም ይህ ዕውቀት ቢያንስ ለአራት መቶ ዓመታት ሳይቋረጥ መኖሩ የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1624 እስከ 1633 በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ ስለ ጣና ሲጽፍ፣ የአገሩ ሰዎች በእንጨት ሳይሆን በደረቅ ደንገል ጀልባ እንደሚጓዙ ገልጿል፤ ስሙንም «ታንኳ» ብሎ በአገሩ ቃል መዝግቦታል።

የጣና ገዳማት ዝና ለማንም የተሰወረ አይደለም። በዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ያርፋል። የክብራን ገብርኤል መጻሕፍትና በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች በዓለም የታወቁ ናቸው። ሠዓልያን ወደነዚህ ሥዕሎች እየሄዱ ቀለማቸውንና መስመራቸውን ሲያጠኑ ኖረዋል፤ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ነገር ግን የሞተር ጀልባ ሳይመጣ በፊት ወደ ደሴቶቹ ያለ ታንኳ የሚደርስ አልነበረም። ብራናውም፣ ቀለሙም፣ ዕጣኑም፣ የንጉሡ ሬሳም፣ ሠዓሊውም ራሱ የተሻገረው በደንገል ላይ ነው። ባህላዊ ቅርሳችን ብለን የምንኰራበት ይህ ሁሉ ሀብት የተጓዘበት ታንኳ በማን እጅ እንደ ታሠረ የሚናገር ጽሑፍ ግን በግምጃ ቤቶቹ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ አይመስልም።

የወይጦ ሕዝብ ዋና ሥራ በቀድሞ ዘመን የጉማሬ አደን ነበር። በታንኳ ተጠግቶ ጉማሬን በጦር መውጋት ሕይወትን በእጅ ይዞ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የደንገል ታንኳ የቈሰለ ጉማሬን ቍጣ የሚችል አይደለምና። ሥጋው ለምግብ፣ ቆዳው ለገበያ ይውላል። ከጉማሬ ቆዳ ጋሻ ይሠራል፣ አለንጋም ይገመዳል። የፊውዳሉን ሥርዐት ፌዝ በአንድ ዕቃ ለማሳየት የፈለገ ሰው ከጉማሬ አለንጋ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። መኳንንቱ አለንጋውን በእጃቸው ይይዙታል፤ ገበሬውን ይገርፉበታል፤ ቆዳውን ያወጣውን ሰው ግን ከማዕዳቸው አያቀርቡትም። ክርስቲያኑ ጉማሬ በላ ብሎ ይርቀዋል። ወይጦዎች እስላሞች ሆነው ሳለ በዚሁ ምክንያት ሌላው እስላምም ከእነርሱ ጋር አብሮ መብላትን ይጠየፋል። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ሐይቁ አዳኞች ሲያወሳ፣ ሰው በድንገት ቢነካቸው እንኳ እንደ ረከሰ ይቈጠር እንደ ነበር ጽፏል።

ያው ብሩስ ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸውም መስክሯል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ ጀርመናዊው የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ ስለዚሁ ሕዝብ ሲጽፍ የሚናገሩት አማርኛ ብቻ መሆኑን አስታውቋል። በነዚህ ሁለት ምስክርነቶች መካከል አንድ ቋንቋ ጠፍቷል። ቋንቋው ከየትኛው የቋንቋ ቤተሰብ እንደ ነበረ እንኳ ሊቃውንት ሊስማሙበት አልቻሉም፤ ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር በወቅቱ በጽሑፍ የሰፈረ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ጊዮርጊስ ደብር በሐይቁ ዳር ቆሞ፣ ግእዝ የሚያውቁ፣ ብዕርና ብራና ያላቸው ሊቃውንት የሞሉበት ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የሚነገር አንድ ቋንቋ ሳይጻፍ ሞተ። ይህን ለደብሩ ወቀሳ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ማንበብና መጻፍ የጥቂቶች ሀብት ሆኖ በኖረበት ማኅበረሰብ የሆነው ነገር ነው።

ለታንኳ ጥበብ ከገዢዎች መካከል ልዩ ትኵረት የሰጡት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1866 ሠራዊታቸው በዘጌ ሰፍሮ ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከደንገል ትላልቅ ጀልባዎች አሠርተው በጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኰራኵር እንዳስገጠሙላቸው፣ በእጃቸው የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። የአውሮጳን የእንፋሎት መርከብ በጣና ላይ፣ በጣና ደንገል ለማስመሰል የተደረገ ሙከራ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ነገሩን ያወራው በፈገግታ ነው። መድፍ በአገር ውስጥ ላሠሩት ንጉሥ ግን ይህ ጨዋታ አልነበረም፤ ባዕድ የሠራውን ለመግዛት አቅም ሲያጡ አገር የሚያውቀውን ማሻሻል የታያቸው ይመስላል። ታንኳን ለማሻሻል ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል የሚታወቀው የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ ከዚያ በኋላ እጅግ ብዙ ተሞክሯል ለማለት ግን አያስደፍርም።

ባሕር ዳር በዚያን ዘመን ከተማ አልነበረችም። ደብሩና በዙሪያው ያሉ የካህናትና የገበሬዎች ቤቶች፣ በቅጥሩ ውስጥ ለኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ሥራ ነው እየተባለ የሚነገርለት የድንጋይ ፎቅ፣ ከዚያ ወዲያ ገበያው፣ ወደ ውኃው ጠጋ ሲሉ ደግሞ የወይጦ ጎጆዎች ነበሩ። የወይጦ ሰፈር አንድ ሆኖ የተከማቸ አልነበረም፤ ደንገል ባለበት ሁሉ ጥቂት ቤቶች ተሰባስበው ይቆማሉ፤ ሐይቁ ሲሞላ ከፍ ይላሉ፣ ሲጎድል ዝቅ ይላሉ። ለገበሬው ቤት ማለት ከአያት የተወረሰ ቦታ ሲሆን፣ ለሐይቁ ሰው ቤት ማለት ከውኃው ጋር የሚሄድ ነገር ነበር። ይህ ልማድ በኋላ ለከተማ ሹማምንት «ቋሚ ይዞታ የሌላቸው» የሚል አመቺ አባባል አስገኝቷል። ከደብሩ ባለመሬቶች ጋር የነበረው ግንኙነትም ቀላል አልነበረም። ርስት የሌለው ሰው በሰው መሬት ጠርዝ ላይ ሲኖር ይዞት የሚሄድ ነገር ይጠየቃልና፣ ዓሣውም፣ ቅርጫቱም፣ ጕልበቱም ለዚሁ ይውል ነበር።

የሰፈሩ ሰው ሌላም ሥራ ነበረው። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ ድልድይ ሳይኖር በፊት፣ ከጎጃም ወደ በጌምድር ለሚሻገር መንገደኛ ከአማራጮቹ አንዱ ታንኳ ነበር። ነጋዴው ጨውና ቡናውን፣ ተማሪው አኵፋዳውን ይዞ በደንገል ላይ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የሐይቁን ዳርቻና የዐባይን ሸለቆ ዞሮ ካርታ ሲያነሣ ያገኛት ባሕር ዳር ይህችው ነበረች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲታተም ግን የገለጻት መንደር በሌላ እጅ ገብታ ነበር።

የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ሲገባ የሐይቁን ዳርቻ ያየው በወታደር ዐይን ነው። ለእርሱ ዳርቻው የጦር ሰፈርና የሞተር ጀልባ ማቆሚያ ነበር፤ ከደቡቡ ጫፍ እስከ ጎርጎራ በሞተር ጀልባ ተገናኘ። በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን መንደሪቱ የአስተዳደር ጣቢያ ሆነች፤ መንገድ ተቀየሰባት፤ የጦር ሠራዊትም ሰፈረባት። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ ሞተር ጀልባውና ማቆሚያው የነበራቸው ፋይዳ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ትራንስፖርት ሁለት ዓይነት ሆነ፤ የብረቱ ለመንግሥትና ለነጋዴ፣ የደንገሉ ለድኻ። ይህ መለያየት እስከ ዛሬ በዐይን የሚታይ ነው።

ከተማነት በእርግጥ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። በ1953 ዓ.ም. ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከተለ፤ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የዐባይ ድልድይም በዚሁ ዘመን ተዘርግቶ የታንኳ አሻጋሪውን ሥራ አስቀረ። ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ማክስ ጉተርም ለከተማዋ አጠቃላይ ፕላን ነደፈላት። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጐዳናዎች የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። የከተማዋ ውበት የታቀደ ውበት መሆኑን፣ ይህም ከብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች ልዩ እንደሚያደርጋት መካድ አይቻልም።

ነገር ግን ፕላን የሚያሳየውን ያህል የሚሸፍነውም አለው። በፕላን ነዳፊ ወረቀት ላይ ሐይቅ ዳርቻ ማለት አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቦታ ነው። ነፋስ የሚቀበሉበት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያዩበት፣ የሚዝናኑበት ሥፍራ ነው። ለሰፈሩ ሰው ግን ዳርቻው የሥራ ቦታ ነበር፤ ታንኳ የሚደርቅበት፣ መረብ የሚሰጣበት፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚወቀርበት፣ ሴቶች ደንገል ሰንጥቀው ቅርጫት የሚያትቱበት። አንድን ቦታ ለማየት የሚፈልግና በዚያ ቦታ ለመሥራት የሚፈልግ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ፣ ጕልበት ያለው መጀመሪያ የሚያነሣው ክስ የንጽሕና ጕዳይ ነው። ጢሱ፣ ሽታው፣ ጎጆው ለከተማዋ መልክ አይመጥንም ይባላል። በዚህ ዓይነት አነጋገር ጎጆዎቹ በየጊዜው ከውኃው እየራቁ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

በዚያው ዘመን የሆነ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ተሻግረው ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳቡን ለመፈተን ሲነሣ፣ ለጀልባው የሚሆን 12 ቶን ያህል ደንገል ያገኘው ከጣና ነው። ደንገሉ ከሐይቁ ተቈርጦ ግብፅ ድረስ ተጓዘ፤ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብም ጀልባው ታሠረ። «ራ» የተባለችው ይህች ጀልባ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ተነሥታ ውቅያኖሱን ሳትጨርስ ተሰናከለች። ሁለተኛዋ «ራ» ግን በሚከተለው ዓመት በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። መላው ዓለም ይህን ወሬ በጋዜጣና በፊልም ተከታተለ። የመጀመሪያዋን ጀልባ የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች፣ ሁለተኛዋን የሠሩት ደግሞ ከደቡብ አሜሪካው ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ለዚህ ምርጫ ሄየርዳል የራሱ ምክንያት ነበረው፤ የጀልባ አሠራሩ ዓይነት ይለያያልና። ያም ሆኖ ከጣና የተፈለገው ደንገሉ ሲሆን የጣና ሠሪ እጅ ግን በሐይቁ ዳር ቀረ።

የ1966ቱ አብዮት ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ከሌላው ጭቁን ይልቅ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የሕዝብ ያደረጉት አዋጆች የባለርስቱን ክንድ ሰበሩ። ሰው በሙያው መናቁ፣ በጎሣው መሰደቡ በአደባባይ ተወገዘ፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ወይጦውም ከካህኑ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ሊቀመጥ ቻለ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ይሁንና የሁለቱም አዋጆች ዐይን ያረፈው በእርሻው ማሳና በከተማው ቤት ላይ ነበር። ማሳ ላልነበረው፣ የሚከራይ ቤትም ላልነበረው፣ ኑሮው በረግረጉ ላይ ለተመሠረተው ሰው አዋጆቹ ያስገኙለት ክብርን እንጂ ደንገሉን አይደለም። አሜሪካዊው የባህል ጥናት ሊቅ ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የወይጦ ሕዝብ ከአደን ወደ ግብርና ሕይወት ያደረገውን ሽግግር ተንትኗል። ጉማሬው መንምኖ አደኑ ሲቀር ከፊሉ በእርሻ፣ ከፊሉ በዓሣ፣ ከፊሉም በቅርጫትና በቀን ሥራ ኑሮውን ገፋ።

ዓሣ ማጥመድም ቢሆን መልኩን ለወጠ። ቀድሞ አጥማጁ ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣው ከዳርቻው ሳይርቅ፣ በታንኳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በውጭ ርዳታ ሲገቡ የዓሣው ምርት ወደ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ መጓዝ ቻለ። ሞተር ጀልባው ከዳርቻ ርቆ ጥልቁን ይደርሳል፤ በአንድ ሌሊት ታንኳ በሳምንት የማያወጣውን ያወጣል። ጣና በሌላ ውኃ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት ሐይቅ ነው። እነዚህ ዝርያዎች በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ መረቡ እዚያው ጠብቆ ይይዛቸዋል፤ ቍጥራቸውም ክፉኛ እንደ ቀነሰ የዓሣ ጥናት ባለሙያዎች አረጋግጠዋል። ባለ ታንኳው በዚህ ውድድር ሁለት ጊዜ ተሸናፊ ሆኗል፤ በመጀመሪያ በመሣሪያ፣ ቀጥሎም በዓሣው ማነስ።

ባሕር ዳር ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የክልል መዲና ስትሆን ያደገችው በፍጥነት ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 96,140 ነዋሪ የነበራት ከተማ በ1999 ዓ.ም. ከ155,000 በላይ ሆነች፤ ዛሬ ደግሞ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። የሐይቅ ዳር ቦታ ዋጋው ከወርቅ የሚቀናቀን ሆነ። ሆቴሎች፣ መዝናኛዎች፣ ቪላዎች በዳርቻው ተደርድረው ቆሙ። በዚህ ግፊያ መሀል፣ በእጃቸው የባለይዞታነት ወረቀት ያልነበራቸው የሐይቁ ሰዎች ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው እየተነሡ ሄደዋል። በብዙዎቹ ሆቴሎች ግድግዳና ማስታወቂያ ላይ ታንኳ ተሥሎ ይታያል። ሥዕሉ ያለ ሠሪው፣ አንዳንዴም ያለ ቀዛፊው ነው። ሠዓልያንም ለዚህ ነገር ከነቀፋ አያመልጡም። ታንኳን በፀሐይ መግቢያ ላይ እንደ ጥላ አድርጎ መሣል የተለመደ ሆኖ፣ ደንገል የሚያስረውን እጅ የሣለ ግን ጥቂት ነው።

በሐይቁ ላይም ለውጥ መጣ። በ1988 ዓ.ም. ዐባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። ሐይቁ እንደ ወትሮው በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጎድልበት ሥርዐት በሰው እጅ ገባ። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ ውኃው እጅግ በመጕደሉ የመርከብ ጕዞ ታወከ፤ ለወትሮው ውኃ የሚተኛበት መሬትም ተገልጦ ገበሬ አረሰው። ደንገል ሥሩ ውኃ ሲያጣ ይደርቃል፤ የደረቀው ይቃጠላል ወይም ይነቀላል፤ በቦታውም ሩዝ ወይም በቆሎ ይዘራል። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ ውኃ ተጨማሪ ድርሻ ይወስዳል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የታየው እምቦጭም ሌላ ጠላት ሆኖ መጣ። መብራቱና ሩዙ ለአገር የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ማንም አይክድም። የደንገሉ ዋጋ ግን ከሒሳቡ ሳይገባ ቀርቷል፤ ደንገል በገበያ የሚመዘን ነገር አይደለምና። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ፣ ረግረጉና በረግረጉ የሚኖረው ሰው አብረው መታየት እንዳለባቸው ቢያንስ በወረቀት ላይ ታውቋል።

ወይጦ የሚለው ስም ራሱ ትግል ያለበት ነው። ለረጅም ዘመን ስድብ ሆኖ የኖረ ቃል በመሆኑ፣ አንዳንዱ ወጣት ሲጠየቅ ጎሣውን ይደብቅ ነበር። ዛሬ ነገደ ወይጦ በሚለው አጠራር ስሙን በአደባባይ የሚያነሣው እየበዛ ነው። በሽማግሌዎች ዘንድ ወገኑ ከግብፅ ተነሥቶ ዐባይን ተከትሎ ወደ ምንጩ መጣ የሚል ትረካ ይነገራል። ይህ በታሪክ ማስረጃ የተደገፈ አይደለም። ነገር ግን ውኃው ከጣና ወደ ግብፅ ሲፈስ፣ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ከግብፅ ወደ ጣና መጣ ብሎ የሚተርክ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚያስበው ከደብሩ ባለመሬቶች አስቀድሞ የደረሰ መሆኑን ነው። ትረካው የሚሟገተው ለቦታው ነው።

ዛሬ ከዘጌ ወደ ከተማው የማገዶ እንጨት ጭነው የሚመጡ ታንኳዎች ገና አልቀሩም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዐባይ ድልድይ ላይ መኪናዎች ሲያልፉ፣ ከወንዙ አፍ ማዶ በሐይቁ ላይ በርከክ ብሎ የሚቀዝፍ ሰው ሊታይ ይችላል። የከተማው ዳርቻ ደንገል እየራቀ ስለሄደ ሠሪው የሚያገኘው ከሌላ ዳርቻ ተቈርጦ የመጣውን ነው፤ ስለዚህ ታንኳው ቀጭን ሆኗል፤ አንዳንዱም ከበታቹ የላስቲክ ወይም የአረፋ ቍራጭ ይጨመርለታል። ጥንት ታንኳ ሠሪ ያልነበሩት የዳርቻ ገበሬዎችም ሙያውን ይዘውታል። በወይጦ ሰፈር ያሉ ሴቶች ቅርጫትና ምንጣፋቸውን በቅዳሜ ገበያ ይዘረጋሉ፤ ገዢው ዋጋውን ይከራከራል፤ የቅርጫቱ ደንገል ከምን ያህል ርቀት እንደ መጣ አይጠይቅም። ቀኑ ሲመሽ፣ ከውኃ የወጣው ታንኳ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርጎ በአንድ የዋርካ ግንድ ላይ ይደገፋል፤ ውኃውም ከወለሉ እየተንጠባጠበ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ጠዋት ባለቤቱ መጥቶ በእጁ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ደርቆ እንደ ሆነ ያስገባዋል፤ ካልደረቀ ሌላ ቀን ይጠብቃል።